የቀረው ዓመት ስንት ነው?

ለንደን ውስጥ ፍላት (አፓርታማ) ልገዛ ነው ብሎ የሚደውልልኝ ሰው ስለ ቤቱ ብዙ ያወራኛል። ኩሽናው አዲስ ነው። ባቡር ጣቢያው ቅርብ ነው። ማዕዘኑ ላይ ያለው ሱቅ እንጀራ ይሸጣል። ሁሉንም ሰምቼ ስጨርስ አንድ ጥያቄ አነሳለሁ፦ ሊዙ ስንት ዓመት ቀርቶታል? ብዙዎቹ «እሱን እንኳ ልብ አላልኩም» ይሉኛል። አንዳንዶቹ ይስቃሉ። «ሊዝ እኮ እኛም አገር አለ፤ ምን ታካብዳለህ?»

አለ፣ እውነት ነው። የሚያዘናጋንም እሱ ይመስለኛል። በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታ የመንግሥት ሆነ። በ1986 ዓ.ም. የመጀመሪያው የሊዝ አዋጅ ወጣ፤ በ1994 እና በ2004 ዓ.ም. በሌላ ተተካ። ለመኖሪያ ቤት የምናውቀው ጊዜ 99 ዓመት ነው። በመጀመሪያው አዋጅ 99 ዓመት የወሰደ ሰው እንኳ ጊዜው የሚሞላው በ2085 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ የመኖሪያ ቤቱ 99 ዓመት አለቀበት ሲባል የሰማነው ሰው የለም። ሊዝ ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን ጨረታው፣ የካሬው ዋጋ፣ ቅድመ ክፍያውና ካርታው ነው። ዓመቱ ወረቀት ላይ ያለ ቁጥር ነው። ይህን ልምድ ይዘን እንግሊዝ እንመጣለን። እዚህ ደግሞ ዓመቱ ራሱ ገንዘብ ነው። እኛ በተኛንበት ይቀንሳል፤ የቀነሰው ደግሞ ሌላ ሰው ኪስ ይገባል።

ከዚህ በኋላ ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ልጻፍ፤ አለዚያ እንምታታለን።

በእንግሊዝና በዌልስ ፍላት የሚገዛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚገዛው ሊዝሆልድ ነው። መሬቱና ሕንፃው የፍሪሆልደሩ ነው። ገዢው የያዘው ለተወሰነ ዓመት የመኖር፣ የማከራየትና የመሸጥ መብት ነው። ዓመቱ ሲያልቅ ቤቱ ወደ ፍሪሆልደሩ ይመለሳል። በ1989 የወጣ ሕግ ስላለ ነዋሪው በማግስቱ ሻንጣውን ይዞ አይወጣም፤ የገበያ ኪራይ እየከፈለ ሊቀጥል ይችላል። ግን በራሱ ገንዘብ የገዛው ቤት ውስጥ ተከራይ ሆነ ማለት ነው።

ፍሪሆልደሩ ካውንስል (የአካባቢው መስተዳድር) ሊሆን ይችላል፣ ኩባንያ ሊሆን ይችላል፣ አንድ ግለሰብም ሊሆን ይችላል። መሳፍንትም አሉበት። የግሮቭነር ቤተሰብ ዛሬ ሜይፌርና ቤልግሬቪያ የሚባሉትን ሰፈሮች ያገኘው በ1677 በተደረገ ጋብቻ ነው። ሙሽራዪቱ ያኔ የ12 ዓመት ልጅ ነበረች። በጥሎሽ የመጣ ረግረግና ማሳ ይኸው እስከ ዛሬ ለቤተሰቡ ገንዘብ ያመጣል። ስኮትላንዶች ይህን ጣጣ አያውቁትም፤ ኤዲንብራ ፍላት የገዛ ሰው ቤቱ የራሱ ነው። እዛው አንድ ደሴት ላይ ሆነው እንዴት እንዲህ ሊለያዩ እንደቻሉ ሁልጊዜ ይገርመኛል።

የእኔ ፍላት ያለው ሰሜን ለንደን፣ ወደ አራት ፍላት የተከፋፈለ አሮጌ ቤት ውስጥ ነው። በ2018 ስገዛው ዘመድ ወዳጅ መጥቶ «ቤት ለእምቦሳ» አለኝ፤ እኔም «እምቦሳ እሰሩ» አልኩ። እምቦሳ ማሰር ቀርቶ ድመት ለማስገባት እንኳ የፍሪሆልደሩ ፈቃድ ያስፈልጋል። ሊዙ ላይ ተጽፏል። ውሉ «ከማርች 25 ቀን 2007 ጀምሮ ለ99 ዓመት» ብሎ ይጀምራል። ከኋላው የቤቱ ፕላን አለ፤ የእኔ ድርሻ በቀይ መስመር ተከቧል። መስታወቱ የእኔ ነው፣ የመስኮቱ ፍሬም ግን የእኔ አይደለም። ወለሉ ምንጣፍ መልበስ አለበት። በመስኮት ልብስ ማስጣት ክልክል ነው። ከምሽቱ 5 ሰዓት በኋላ ውጭ የሚሰማ ሙዚቃም ክልክል ነው። የእኛ ሰው ቤት ቡና ሦስተኛው ሲወጣና ጨዋታው ሲደራ ስንት ሰዓት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል።

ወደ ገንዘቡ ልምጣ። ሰው የማይረዳው ሰዓቱ ወደ መጨረሻው ሲጠጋ እንደሚፈጥን ነው። 400 ሺህ ፓውንድ የሚያወጣ ፍላት እንውሰድ። ፍሪሆልደሩ ይህን ቤት የሚያገኘው ሊዙ ሲያልቅ ነው። ያ የሩቅ ጊዜ ገንዘብ ዛሬ ስንት ያወጣል? የሊዝ ክርክር የሚዳኘው ትሪቡናል በ2006 በአንድ ትልቅ ክርክር ለፍላት የሩቁ ገንዘብ በየዓመቱ 5 ከመቶ እየተቀነሰ ይሰላ ብሎ ወሰነ፤ ከዚያ ወዲህ ባለሙያዎች መነሻ የሚያደርጉት እሱን ነው። በዚህ ስሌት 81 ዓመት ከቀረ የፍሪሆልደሩ ተስፋ ዛሬ ወደ 7,700 ፓውንድ ነው። 60 ዓመት ከቀረ ከ21 ሺህ ያልፋል። 40 ዓመት ሲቀር ወደ 57 ሺህ ይጠጋል። ሊዙን የሚያራዝም ሰው ይህን ተስፋ ነው የሚገዛው። ላዩ ላይ ደግሞ ፍሪሆልደሩ የሚቀርበትን ግራውንድ ሬንት፣ ማለትም በየዓመቱ የሚከፈለውን የመሬት ኪራይ፣ ይክሰዋል። ከ80 ዓመት በላይ የቀረው ሰው ሒሳቡ እዚህ ያበቃል።

80 ላይ ሌላ ነገር ይመጣል። ማሬጅ ቫልዩ ይሉታል። አጭር ሊዝ ያለው ፍላት ርካሽ ነው። ሲራዘም ዋጋው ይጨምራል። ጭማሪው የተገኘው ሁለታችሁም ስለተስማማችሁ ነው፣ ስለዚህ ግማሹን ለፍሪሆልደሩ ስጥ ይላል ሕጉ። ሊዙ ከ80 ዓመት በላይ ከቀረው ይህ ሒሳብ አይነሳም። 80 እና ከዚያ በታች ከሆነ ይነሳል። በመጀመሪያው ቀን ብቻ ብዙ ሺህ ፓውንድ ሊጨምር ይችላል፤ ዓመቱ ባነሰ ቁጥርም ያብጣል። ቤቱ ውስጥ አንድ ሚስማር አልተነቀለም፣ አንድ ግድግዳ አልተሰነጠቀም። ቀን ብቻ ነው ያለፈው። ሕግ ብዙ ያልተስተካከለ ነገር አለው፤ ይህኛው ግን የእውነት ያናድደኛል።

ለዚህ ነው ባለፈው ዓመት፣ የቀረኝ ዓመት ከ81 ሊወርድ ሲል፣ ሳይቃጠል በቅጠል ብዬ የተነሳሁት።

የቀደመኝ ፍሪሆልደሩ ነው። ወፍራም ወረቀት ላይ የተጻፈ፣ በጣም ትሁት ደብዳቤ መጣ። ሊዝዎን ወደ 125 ዓመት እናሳድግልዎ፣ ዋጋው ይኸውና፣ በ28 ቀን ውስጥ ይመልሱ። ቶሎ ይጠናቀቃል፣ ክርክር የለውም። ለቸኮለ ሰው ማር ነው። የደብዳቤውንና የሕጉን መንገድ ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው ግን የተለያዩ ናቸው። ሊዝ የማራዘም መብት በሚሰጠው የ1993ቱ ሕግ መንገድ የሄደ ሰው በቀረው ላይ 90 ዓመት ይጨመርለታል፤ ለእኔ 171 ዓመት ገደማ ማለት ነው። ግራውንድ ሬንቱም ይቀራል፤ በሕጉ ቋንቋ አንድ ፍሬ ቁንዶ በርበሬ ይሆናል፣ እሷንም የሚጠይቅ የለም። በደብዳቤው መንገድ ግን ግራውንድ ሬንቱ የድሮው ሊዝ እስኪያልቅ ይቀጥላል፤ በውሌ መሠረትም ከ150 ወደ 300፣ ከዚያ ወደ 450 ያድጋል። ከ2022 ወዲህ አዲስ ሊዝ ላይ ግራውንድ ሬንት ማስከፈል ተከልክሏል፤ በስምምነት በሚራዘም አሮጌ ሊዝ ላይ ግን ለቀረው ዘመን ያለው ይቀጥላል። ለደብዳቤው መልስ አልሰጠሁም።

ጠበቃዬ ሰርቬየር (የቤት ገማች) ላከችልኝ። ሰውየው በሌዘር መለኪያ ክፍሎቹን ለካ፣ ጣሪያውን አየ፣ የኋላ መስኮት ጋ ቆሞ ባቡሩ ሲያልፍ ሰዓቱን ተመለከተ። አዲስ ያስቀባሁትን ግድግዳ ዘወር ብሎም አላየውም። «ሰው ያስገባውን እቃ አልቆጥርም» አለኝ። ከዚያ ጠበቃዬ ሊዙ እንዲራዘም በሕግ የሚጠየቅበትን፣ ሴክሽን 42 የሚባለውን ማስታወቂያ ለፍሪሆልደሩ ላከች። የዚህ ወረቀት ጥቅም ትልቅ ነው፤ ዋጋው የሚሰላው ወረቀቱ በደረሰበት ቀን ነው። ክርክሩ ዓመት ቢፈጅ እንኳ ዓመቱ እዚያ ላይ ቆሟል። ፍሪሆልደሩ መልስ እንዲሰጥ ቢያንስ የሁለት ወር ጊዜ ይሰጠዋል። ቀኑን ካሳለፈ ባቀረብነው ዋጋ ሊፈረድበት ስለሚችል አያሳልፍም። መልሱ የመጣው በመጨረሻው ሳምንት ነው።

እኛ 9,800 ብለን ነበር። እነሱ 18 ሺህ አሉ። ከዚያ ሁለቱ ሰርቬየሮች በኢሜይል ተጨቃጨቁ። የመርካቶ ዋጋ ክርክር ለሚያውቅ ሰው አዲስ ነገር የለውም፤ ልዩነቱ ሁለቱንም ተከራካሪዎች የምከፍለው እኔ መሆኔ ነው። አዎ፣ የፍሪሆልደሩን ጠበቃና ገማች ተመጣጣኝ ወጪም የሚያራዝመው ሰው ይከፍላል። የ2024ቱ አዲስ ሕግ ይህን ሊያስቀር ነው፣ ግን ይህ አንቀጹ እስካሁን አልተጀመረም። 12,400 ላይ ተስማማን። ካልተስማማን በስድስት ወር ውስጥ ትሪቡናል ማመልከት ነበረብን። ያ ቀን ካለፈ ማስታወቂያው እንደተተወ ይቆጠራል፣ እንደገና ለመጀመር አንድ ዓመት መጠበቅ ነው። ጠበቃ ስትመርጡ በዚህ ሥራ የዋለ ሰው ምረጡ የምለው ለዚህ ነው። ሠርግ ላይ የተዋወቃችሁት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ጎበዝ ሊሆን ይችላል፤ ለዚህ ግን አይሆንም።

ስለ ሰርቪስ ቻርጅ፣ ለሕንፃው ጥገናና አስተዳደር ስለሚከፈለው ገንዘብ፣ ብዙ ማለት ይቻላል፤ አሳጥረዋለሁ። ሊዝ ቢራዘምም ሰርቪስ ቻርጅ አይቀርልህም፣ አይቀንስልህም፣ ይቀጥላል። ትልቅ ጥገና ሲሆንና የአንድ ሰው ድርሻ ከ250 ፓውንድ ሲያልፍ የሕንፃው አስተዳዳሪ አስቀድሞ ነዋሪውን ማማከር አለበት። ይህን ካላደረገ ከእያንዳንዱ ሰው ከ250 በላይ ማስከፈል አይችልም፣ ትሪቡናል ካልፈቀደለት በቀር። እኛ ቤት አንዴ ለጣሪያ ጥገና የመጣው ሂሳብ ውስጥ የስካፎልዲንግ ኪራይ ሁለት ጊዜ ተቆጥሮ ነበር። ያየችው ላይኛው ፎቅ ያለችው ነርስ ናት፤ ሌሊት ሥራ ላይ ሆና ሂሳቡን በእርሳስ እያሰላች። ደብዳቤ ጻፍን፣ ተነሳ። ሂሳቡን ዝርዝር አድርጎ መጠየቅ መብት ነው፤ የእኛ ሰው ግን ደብዳቤ ሲመጣለት መክፈል ይቀናዋል።

ስለ ሕንፃ ደኅንነት ደግሞ ለማንም መንገር አያስፈልገኝም። በጁን 2017 ግሬንፌል ታወር ሲቃጠል ከሞቱት 72 ሰዎች መካከል ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ነበሩ። ከዚያ በኋላ ፎቅ ቤት ሲሸጥና ሲገዛ ባንኩ ስለ ውጭው ሽፋን ማስረጃ ይጠይቃል። ሕንፃው ላይ ወረቀቱ ከሌለ ሊዙ 900 ዓመት ቢቀረው እንኳ ሽያጩ ሊቆም ይችላል። ከፍ ያለ ሕንፃ ላይ የሚገዛ ሰው ከዓመቱ ቀጥሎ ይህን ይጠይቅ።

ሰፈሩ ሁሉ «ጋሼ» የሚላቸው አንድ አዛውንት አሉ። ቤታቸውን ሸጠው አዲስ አበባ ሊገቡ ፈለጉ። ልጆቻቸው አድገዋል፣ ጡረታቸው እዚያም ይደርሳቸዋል። ኤጀንቱ ሁለት ገዢ አመጣ፤ ሁለቱም ባንካቸው ሊዙን ሲያይ ዋጋ ቀንሱ አሉ። የቀረው 80 ዓመት ከጥቂት ወር ነበር። ጋሼ ደውለው ጠሩኝ።

«ልጄ፣ እኔ 74 ሞላኝ። 80 ዓመት ምን ላድርግበት? ገዢውስ ማቱሳላ ነው?»

ሳቅሁ። ግን ሰው ሁሉ የሚያስበው እንዲሁ ነው። ዓመቱን በዕድሜው ይለካል። ዓመቱ የሚለካው በሚቀጥለው ገዢ፣ ከእሱም በኋላ በሚመጣው ነው። ዛሬ 80 ዓመት ያለውን ቤት የሚገዛ ወጣት ከ15 ዓመት በኋላ 65 የቀረው ቤት ይዞ ገበያ ይወጣል። ሊዙ ከ70 ሲወርድ ብዙ ባንክ ያፈገፍጋል፤ ያኔ የሚገዛው በአብዛኛው ጥሬ ገንዘብ ያለው ነው፣ እሱ ደግሞ ዋጋ ይቆርጣል። ገዢው ይህን ስለሚያውቅ ነው ዛሬውኑ ቀንሱ የሚለው።

«ታዲያ ለማራዘም ገንዘብ የለኝም እኮ» አሉ።

«እርስዎ መክፈል የለብዎትም። ማስታወቂያውን እርስዎ ያስገቡና መብቱን ለገዢው ከቤቱ ጋር ያስተላልፉለታል።»

ይህ መንገድ ድሮም ነበር። ድሮ የሚፈለገው አዲስ ገዢ ለማራዘም ሁለት ዓመት መጠበቅ ስለነበረበት ነው። ያ ግዴታ በጃንዋሪ 2025 ቀርቷል፤ ዛሬ የገዛ ሰው ስሙ መዝገብ ላይ እንደገባ ማመልከት ይችላል። የጋሼ ጉዳይ ግን የጊዜ ነው። የቤት ሽያጭ እዚህ አገር ወራት ይፈጃል። ከአስተዳዳሪው የሚመጣው የሰነድ ጥራዝ ብቻ ብዙ ጊዜ ይወስዳል፣ ዋጋውም ቀላል አይደለም፤ የሚከፍለው ሻጩ ነው። ይህ ሁሉ ሲሆን ሊዙ 80 እና ከዚያ በታች ሊገባ ነው። ማስታወቂያው በእሳቸው ስም ከገባ ቀኑ ይቆማል። መጠንቀቅ የሚያስፈልገው አንድ ነገር ላይ ነው፤ መብቱ የሚተላለፈው ከሊዙ ጋር እኩል መሆን አለበት። ሊዙ ለብቻው ከተላለፈ ማስታወቂያው ይሞታል። ጠበቃቸው አደረገችው። ገዢው የማራዘሚያውን ግምት ከዋጋው ላይ ጥቂት አስቀነሰና ገዛ። ጋሼ አሁን ሲኤምሲ አካባቢ ናቸው፤ እዚያ ደግሞ ስለ ጋራ መኖሪያ ቤቱ ማኅበር መዋጮ ይነጫነጫሉ።

የካውንስል ተከራይ ቤቱን በቅናሽ በሚገዛበት በራይት ቱ ባይ የገዙ ወገኖች በዚህ በኩል ይሻላቸዋል። ሊዛቸው አብዛኛውን ጊዜ 125 ዓመት ነው፣ ግራውንድ ሬንቱም እንደ ነገሩ 10 ፓውንድ ነው። የእነሱ ፈተና ካውንስሉ ሕንፃውን ሲያድስ የሚመጣው ሂሳብ ነው። አዲስ ለመግዛት የሚያስብ ደግሞ በኖቬምበር 2024 በአብዛኛው ለንደን ትልቁ ቅናሽ ከ136,400 ወደ 16,000 ፓውንድ መውረዱን ይወቅ። ያን ሰሞን ማመልከቻ ለማስገባት የነበረውን ሩጫ የእኛም ሰው አይረሳውም።

አሁን ሁሉም የሚጠይቀኝ «አዲሱን ሕግ ልጠብቅ?» ብሎ ነው። በሜይ 2024 የጸደቀው ሕግ ብዙ ቃል ገብቷል። 90 ዓመት የነበረው 990 ይሆናል። ማሬጅ ቫልዩ ይቀራል። ትልልቅ ፍሪሆልደሮች ንብረታችን ተነካ ብለው ከሰሱ፤ ከፍተኛው ፍርድ ቤት በኦክቶበር 2025 ክሱን ጣለው። ሆኖም ይህን በምጽፍበት በፌብሩዋሪ 2026 እነዚህ አንቀጾች ሥራ አልጀመሩም። ስሌቱ የሚሠራበትን መቶኛም መንግሥት ገና አልወሰነም፤ ወደ ላይም ወደ ታችም ሊሄድ ይችላል።

የእኔ አስተያየት እንደ ዓመቱ ይለያያል። 95 ወይም 100 የቀረው ሰው ተረጋግቶ ይቀመጥ። 70 የቀረውና መሸጥ የማያስብ ሰው ቢጠብቅ ይገባኛል፤ ማሬጅ ቫልዩ ቀድሞውኑ ይዞታል፣ ሕጉ ከመጣለት ብዙ ይተርፈዋል። ሊሸጥ ወይም ሞርጌጅ ሊቀይር ያሰበ ግን በተስፋ አይኖርም። 81 እና 82 ላይ ያለ ሰው ሲጠብቅ ሳይ ግን ያመኛል። ሕጉ ከመጣ ትንሽ ያተርፋል፣ ካልመጣ ብዙ ይከስራል።

ከታች ያለው ጎረቤቴ ፖርቱጋላዊ ነው። የእሱም ሊዝ እንደ እኔ ከማርች 25 ቀን 2007 ጀምሮ ለ99 ዓመት ነው። እኔ ሳራዝም አብረን እናድርግ አልኩት፤ ሰርቬየሩም ለሁለታችን ይቀንስልን ነበር። «መንግሥት ሊያስቀረው ነው፣ ለምን እከፍላለሁ?» አለኝ። ትናንት ደረጃው ላይ ተገናኝተን እንደገና አነሳነው። ሕጉ እስከ ማርች ይደርሳል ወይ አልኩት። ትከሻውን ነቀነቀ። ማስታወቂያ ማስገባት እኮ ያን ያህል አይከብድም፤ ፍሪሆልደሩ አስቀድመህ አስይዝ ቢልህ የሚጠይቅህ ካቀረብከው ዋጋ 10 ከመቶ ነው፣ ወይም 250 ፓውንድ፣ የሚበልጠውን አልኩት። ዝም ብሎ አሰበ። የጠበቃዬን ስልክ ተቀበለኝ። ማርች 25 ሲሞላ የሚቀረው 80 ዓመት ብቻ ነው፤ ወረቀቱ ፍሪሆልደሩ እጅ መግባት ያለበት ከዚያ በፊት ነው። ሰኞ እደውላለሁ ብሏል።